የሲኤንሲ ፕላዝማ ምንድን ነው?

አበባና ሐረግ የተፈለፈለባቸውን የላሜራ በሮች አይታችኋል፤ ሰዉ «የሲኤንሲ በር» ይላቸዋል። ሲኤንሲ ግን የሚቆርጠው አይደለም። በኮምፒውተር የተሳለውን መስመር ተከትሎ ቶርቹን፣ ማለትም የመቁረጫውን አፍ፣ የሚነዳው ጠረጴዛ ነው። የሚቆርጠው ሌዘር ወይም ፕላዝማ ነው።

ፕላዝማ ከመጋሉ የተነሳ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ የጀመረ አየር ነው። የኮምፕሬሰር አየር በጠባብ ቀዳዳ ሲወጣ አርኩ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ብልጭታው፣ ያገኘዋል፤ ሙቀቱ 20,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይደርሳል። ብረቱ ይቀልጣል፣ አየሩ የቀለጠውን ጠርጎ ይጥለዋል። ኦክሲጅንና አሴትሊን የማይደፍሩትን አሉሚኒየምና ስቴንለስም ይቆርጣል።

ጣጣው ያለው ፕላዝማውና ሲኤንሲው ሲጋቡ ነው። ገዢ ሁሉ «ስንት አምፔር ነው?» ይላል። እኔ ብሆን «አርኩ የሚለኮሰው በምንድን ነው?» እላለሁ። ብዙዎቹ ርካሽ ማሽኖች በሃይ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም እጅግ ፈጥኖ በሚርገበገብ ኤሌክትሪክ፣ ይለኩሳሉ። ያ ብልጭታ ዙሪያውን ሞገድ ይረጫል፣ የጠረጴዛው መቆጣጠሪያም ይደናበራል። አበባዋ አልቃ አንድ ቅጠል ሲቀር ቶርቹ ዘሎ ላሜራውን መሀል ለመሀል ይሸረክተዋል። ወይም ኮምፒውተሩ ድርቅ ይላል። ለሲኤንሲ የሚሻለው «ብሎውባክ» የሚባለው ነው፦ ቶርቹ ውስጥ ያለው የአርኩ መነሻ ኤሌክትሮድና ባለ ጠባብ ቀዳዳው ጫፍ ኖዝሉ ተነካክተው ይቆያሉ፣ አየሩ ገፍቶ ሲያለያያቸው አርኩ ይነሳል።

አምፔሩም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። «60 በመቶ» የሚል ከተጻፈበት ከ10 ደቂቃ 6ቱን ቆርጦ 4ቱን ያርፋል ማለት ነው። በእጅ ለሚቆርጥ ምንም አይደል፤ ሲኤንሲ ግን ድካም አያውቅም። ሻጩ የሚነግራችሁ ውፍረት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዳር ተጀምሮ የሚቆረጠውን ነው። ጠረጴዛው ላሜራውን ከመሀል በስቶ ይጀምራል፤ መብሳት ደግሞ ይከብዳል።

ኤሌክትሮዱን አውጥታችሁ ጫፉን እዩት። ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ሃፍኒየም የሚባል ብረት ነጥብ አለች። 1 ሚሊሜትር ያህል ከጎደጎደች ቀይሩት። አየሩ ውሃ ካዘለ ቶሎ ትበላለች፣ ስለዚህ ማድረቂያ ላይ አትሰስቱ። ስትቀይሩ ግን ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉ፤ ይህ እቃ ከ200 ቮልት በላይ ያወጣል፣ ከብየዳ ማሽን የባሰ ነው።

ጥቁር መነጽር ግዴታ ነው። ዚንክ የተቀባ ላሜራ የቆረጠ ሰው ጭሱን ከሳበ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። ወተት መጠጣት ጭሱን ከሳንባ አያወጣም፤ ጭስ መሳቢያና ማስክ ነው መፍትሔው። ጭሱን ለመቀነስ ውሃ ያለው ጠረጴዛ ይረዳል፣ ግን አሉሚኒየም ሲቆረጥበት ተጠንቀቁ። ውሃው ውስጥ የወደቀው ብናኝ ሌሊቱን ሙሉ ሃይድሮጅን ያመነጫል። ላሜራው ላዩ ላይ ተዘርግቶ ካደረ ጋዙ ከሥሩ ይጠራቀማል፣ የጠዋቷ የመጀመሪያ ብልጭታም ታፈነዳዋለች። ማታ ላሜራውን አንሱና ውሃውን ክፍት አድርጋችሁ ሂዱ።