የላይብረሪ ግጭት ምንድን ነው? ሁለት ደህና ፕለጊኖች አብረው ሳይት የሚጥሉበት ነገር

ወርድፕሬስ በሚባለው የዌብሳይት መስሪያ ሶፍትዌር ሳይት የሰራ ሰው ይሄን ሳያየው አይቀርም፣ ፕለጊኑን (ሳይቱ ላይ ተጨማሪ ስራ የሚጨምረውን ኮድ) አክቲቬት አድርገህ ገጹን ሪፍሬሽ ስትለው ነጭ ብሎ ቁጭ። ስታጠፋው ደግሞ ሳይቱ ይመለሳል። እና ፕለጊኑን እንረግማለን፣ ብዙ ጊዜ ግን ለብቻው ምንም አላጠፋም፣ ከሌላኛው ጋር ሲገናኝ ነው ጉዱ የሚፈላው።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ፕለጊን የሚጽፍ ሰው ሁሉንም ከዜሮ አይጀምርም፣ ላይብረሪ የሚባል ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ ፕለጊኑ ውስጥ ከቶ ይለቀዋል፣ ያንኑ ላይብረሪ ሌላውም ፕለጊን ይዞት ይመጣል። ወርድፕሬስ የተጻፈበት ቋንቋ ፒኤችፒ ደግሞ በአንድ ስም ሁለት ክላስ (ስም የተሰጠው የኮድ ክፍል) አይቀበልም፣ ሁለተኛው ሲመጣ ስሙ ተይዟል ብሎ ፋታል ኤረር (ሁሉን የሚያቆም ስህተት)፣ አለቀ።

ብዙ ዴቨሎፐር ታዲያ «ክላሱ ካለ እለፈው» የምትል ቼክ ጣል ያደርጋል። ሳይቱ ለጊዜው አይወድቅም፣ ግን ቀድሞ የገባው ያሸንፋል ማለት ነው። ፕለጊኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚገቡት በፎልደር ስማቸው የፊደል ተራ ስለሆነ ስሙ በኤ የሚጀምረው አሮጌ ቨርዥን ይዞ ቀድሞ ከገባ፣ አዲሱን የሚፈልገው ፕለጊን የሌለ ፋንክሽን ይጠራና ይወድቃል፣ ኤረሩም ላይ የሚወጣው የሱ ስም ነው። ንጹሁ ታሰረ በለው።

የጋራ አጫጫን የሚባለው መላ እዚህ ጋ ይመጣል። ጥሩ ምሳሌው ወኮሜርስ በሚባለው የኦንላይን ሱቅ ፕለጊን ውስጥ ያለው አክሽን ስኬጁለር ነው፣ ከበስተጀርባ የሚሰሩ ስራዎችን ተራ እያስያዘ የሚያሰራ ላይብረሪ፣ ሌሎች ብዙ ፕለጊኖችም ይዘውት ይመጣሉ። እያንዳንዱ ኮፒ መጀመሪያ ላይ ቨርዥኑን ብቻ ያስመዘግባል እንጂ ስራ አይጀምርም፣ ሁሉም ተመዝግቦ ካለቀ በኋላ ከሁሉም አዲሱ ተመርጦ አንዴ ብቻ ይነሳል። ሰርግ ቤት ሶስት ሰው ስፒከር ይዞ ቢመጣ ሶስቱም አይከፈቱም አይደል፣ የተሻለው ይሰካል ሌላው ጥግ ይቀመጣል።

ይሄ የሚሰራው ግን አዲሱ ቨርዥን የድሮውን አጠራር እስካከበረ ድረስ ነው። ላይብረሪው በየቨርዥኑ ጸባዩን የሚቀይር ከሆነ መጋራቱ ራሱ ጣጣ ነው፣ ያኔ ፒኤችፒ ስኮፐር በመሳሰሉ መሳሪያዎች የላይብረሪውን ኔምስፔስ (ክላሶቹ ስም ፊት የሚገባውን መለያ) ቀይሮ ለየራስ መያዝ ይሻላል፣ ኮዱ ቢደጋገምም። እኔ የምለየው በዳታቤዝ ነው፣ ላይብረሪው የራሱ ቴብል ካለው ይጋሩት፣ ትንሽ መገልገያ ከሆነ ስሙን ቀይረህ ያዘው።

ብሮውዘር ላይ የሚሰራው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ጄኩዌሪም ያው ነው፣ ወርድፕሬስ ውስጥ አለልህ፣ በስሙ ጥራው አንዴ ብቻ ይጫናል። የራሱን ሁለተኛ ኮፒ የሚጭን ቴም (የሳይቱ ገጽታ) ካለ ግን የመጀመሪያው ላይ ተሰክቶ የነበረው ስላይደር (ፎቶ የሚያፈራርቀው) ድንገት ዝም ይላል።

ሳይትህ ላይ ከገጠመህ ፕለጊኖቹን እየደረደርክ ከማጥፋትህ በፊት ስህተቶች የሚመዘገቡበትን ፋይል፣ ኤረር ሎጉን ክፈትና የፋይሉን አድራሻ እስከ ፎልደሩ ስም ድረስ አንብበው፣ ላይብረሪው የተጫነው ጭራሽ ካልጠረጠርከው ፕለጊን ፎልደር ውስጥ ሊሆን ይችላል።