ካውንስል ቤት ላይ «ቢድ» ማድረግ ጨረታ አይደለም

እንግሊዝ አገር ለካውንስል ቤት (የአካባቢው አስተዳደር በአነስተኛ ኪራይ ለሚያከራየው ቤት) የተመዘገበ ሰው «ቢድ አድርግ» ሲባል ብዙዎቻችን ጨረታ ይመስለናል። ገንዘብ ግን የለበትም። ቢድ ማለት ካውንስሉ ካወጣቸው ባዶ ቤቶች ውስጥ «ይህን እፈልጋለሁ» ብሎ ስም ማስገባት ነው፤ ቤቱን የሚያገኘው ደግሞ ፈጥኖ ስሙን ያስገባው ሳይሆን በችግሩ ክብደት ከፍ ያለ ባንድ (የቅድሚያ ደረጃ) የተሰጠው ነው፣ እኩል ከሆኑም ብዙ ጊዜ ቀድሞ የተመዘገበው። «ስደተኛ ወረፋ ዘልሎ ይወስዳል» የሚለው ወሬ በጣም ያሳዝነኛል። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው እኮ ወረፋው ውስጥ መግባት እንኳ አይፈቀድለትም! የካውንስል ቤት እጥረት አንድ ትልቅ ምክንያት ሌላ ነው፤ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተከራዮች የካውንስል ቤታቸውን በቅናሽ እንዲገዙ መብት ተሰጠ፣ በተሸጡት ልክ ግን አዲስ አልተሠራም።