የተጎዳች ጉጉት አክሞ ወደ ዱር መመለስ

ጉጉት እኛ ጋ ስሟ ክፉ ነው፣ ቤት ላይ ከጮኸች ሰው ይሞታል ምናምን ስለሚባል ወድቃ ብትገኝ እንኳን ደፍሮ የሚያነሳት ጥቂት ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ፈቃድ አውጥተው የዱር ወፍ ብቻ የሚያክሙ ማዕከሎች አሉ። ከታካሚዎቹ ዝነኛዋ ሮኪ ናት፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 2020 ከኦኒዮንታ ከተማ ለገና ተቆርጦ ኒውዮርክ ማንሃታን ሮክፌለር ሴንተር በደረሰው ትልቅ ጥድ ውስጥ የተገኘች ጭብጥ የማታህል ጉጉት፣ ሶስት ቀን ሳትበላ ሳትጠጣ ነው የተጓዘችው።

ሮኪ ስብራት አልነበረባትም፣ ብዙዎቹ እንደሷ እድለኛ አይደሉም። ማታ መንገድ ዳር አይጥ ስታሳድድ ዝቅ ብላ ስለምትበር መኪና ይገጫታል፣ እሾሃማ ሽቦም ክንፏን ይይዛታል። የአይጥ መርዝ ደግሞ አለ፣ መርዝ የበላች አይጥ ስትበላ ደሟ መርጋት ያቆማል፣ ኒውዮርክ ከሚገኘው ሴንትራል ፓርክ መካነ እንስሳት ያመለጠው ፍላኮ የሚባል ጉጉት በ2024 ሲሞት ሰውነቱ ውስጥ ከባድ የአይጥ መርዝ ተገኝቷል።

ያገኘ ሰው ፎጣ ጣል አድርጎባት፣ ቀዳዳ ያለው ካርቶን ውስጥ ከቶ፣ ጨለማና ጸጥ ያለ ቦታ አስቀምጦ ወደ ማዕከል መደወል ነው ያለበት። መጠንቀቅ ያለበት ከምንቃሯ ይልቅ ከጥፍሯ ነው። ምግብም ውሃም አይሰጣትም፣ የተዳከመች ወፍ ሊያንቃት ይችላል።

ማዕከሉ ስትደርስም ወዲያው ኦፕራሲዮን የለም፣ መጀመሪያ ሙቀት፣ ፈሳሽና የህመም ማስታገሻ፣ ከዛ ራጅ። የወፍ አጥንት ቶሎ ይገጥማል፣ በፋሻ ወይም በብረት ከተያዘ በጥቂት ሳምንት፣ መገጣጠሚያው አጠገብ ከተሰበረ ግን ክንፉ ይደርቅና አይዘረጋም። አይኗም በደንብ ይመረመራል፣ የጉጉት አይን እንደ ቱቦ ረዘም ያለና በአጥንት ቀለበት የተያዘ ስለሆነ ግጭት ሲደርስባት ከጀርባው ይደማል። ምግቧ ሙሉ አይጥ ነው፣ ከነጸጉሩ ከነአጥንቱ፣ የማይፈጨውን ጠቅልላ መልሳ ትተፋዋለች።

ለኔ ከባዱ ክፍል አጥንቱ ከገጠመ በኋላ ያለው ነው። ትልቅ ኬጅ ውስጥ ስትበር ድምጽ ካሰማች ገና ናት፣ ምክንያቱም የክንፏ ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ሆኖ ነፋሱን ስለሚበታትነው ነው አይጧ የማትሰማት። ላባዋ ከተሰበረ ከሌላ ተመሳሳይ ጉጉት የወደቀ ላባ ግንዱ ላይ በሙጫ ይቀጠልላታል (እንደ ዊግ በሉት)። ከዛ በጨለማ በህይወት ያለች አይጥ ይለቀቅላትና ራሷ ማደን አለባት። በዚህ ሁሉ ማንም አያዋራትም፣ ጫጩት ከሆነች ደግሞ ሰውን እናቷ አድርጋ እንዳትይዝ ትልቅ ጉጉት ጋ ያሳድጓታል።

የአሜሪካ ህግ ያለ ተጨማሪ ፈቃድ ከ180 ቀን በላይ ማቆየት አይፈቅድም፣ ክንፏ ከክርኑ ወይም ከዛ በላይ መቆረጥ ያለበትን ደግሞ በአብዛኛው ሳትሰቃይ እንድትሞት ማድረግ ያዛል። ጨካኝ ይመስላል፣ ግን ያላንድ ክንፍ ኬጅ ውስጥ መኖርም ምን ኑሮ ነው?

የዳነችው አመሻሽ ላይ፣ ትልቅ ከሆነች አካባቢዋን ስለምታውቀው በተገኘችበት ቦታ ትለቀቃለች። ሮኪን ግን ማንሃታን ማን ይመልሳታል፣ ኖቬምበር 24 ሲመሽ እዛው የታከመችበት ሶገርቲስ የሚባል ቦታ ለቀቋት፣ በራ ጥድ ውስጥ ገባች።