ኢሙሌሽን፦ የአንድን ኮምፒውተር ኦፕሬቲንግ ሲስተም በሌላ ዓይነት ሃርድዌር ላይ ማስኬድ

ኢሙሌሽን አንድ ኮምፒውተር የሌላ ኮምፒውተርን ፕሮሰሰር፣ ሜሞሪ፣ ዲስክና ስክሪን በሶፍትዌር አስመስሎ በመሥራት፣ ለዚያ ለሌላው የተጻፈውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ምንም ሳይለወጥ እንዲያስኬድ የሚያደርግ ዘዴ ነው። ይህን የሚሠራው ፕሮግራም ኢሙሌተር ይባላል። ኢሙሌተሩ የተጫነበት እውነተኛ ማሽን አስተናጋጅ፣ በውስጡ የሚነሣው ሲስተም ደግሞ እንግዳ ይባላል፤ እንግዳው የሚያየው ሃርድዌር በሙሉ በሶፍትዌር የተቀረጸ ነው።

ዘዴው ያስፈለገው ፕሮሰሰሮች አንድ ዓይነት የትእዛዝ ስብስብ ስለሌላቸው ነው። በደብረ ብርሃን የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤቶችና በየወረዳው መሥሪያ ቤት ያሉት ዴስክቶፖች በአብዛኛው ኢንቴልና ኤኤምዲ የሚሠሯቸው የኤክስ86 ፕሮሰሰሮች ሲኖሯቸው፣ በየሰው ኪስ ያለው ስማርት ስልክ ግን በአርም ፕሮሰሰር ይሠራል። ለአንደኛው የተዘጋጀ ፕሮግራም ለሁለተኛው ትርጉም የሌለው የቁጥር ክምር ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲሆን ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ ተራ ፕሮግራም የሚፈልገውን ሁሉ ከሲስተሙ ሲጠይቅ፣ ሲስተሙ ራሱ ግን ከሰዓት ቆጣሪው፣ ከዲስክ መቆጣጠሪያውና ከግራፊክስ ካርዱ ጋር በቀጥታ ስለሚሠራ፣ ኢሙሌተሩ እነዚህን ክፍሎች ከነጸባያቸው፣ አንዳንዴም ከነጉድለታቸው፣ መቅረጽ አለበት።

የትእዛዞቹን ልዩነት ለማስታረቅ ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ኢንተርፕሪቴሽን ሲሆን፣ ኢሙሌተሩ የእንግዳውን ትእዛዝ አንድ በአንድ ያነባል፣ ምን እንደሆነ ይለያል፣ ሥራውን ይፈጽማል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ለመጻፍ ቀላል፣ ስሕተቱንም ለማግኘት ምቹ ነው፤ ሆኖም ለአንዲት የእንግዳ ትእዛዝ አስተናጋጁ ብዙ ትእዛዞችን መፈጸም ስላለበት እጅግ ዘገምተኛ ነው። ሁለተኛው ዳይናሚክ ትርጉም ነው። በዚህኛው ኢሙሌተሩ አንድን የትእዛዞች ቁራጭ ወደ አስተናጋጁ ትእዛዞች ይለውጥና ውጤቱን በሜሞሪ ያስቀምጣል፤ ያ ቁራጭ እንደገና ሲጠራ የተቀመጠውን ያስኬዳል። አንድ ደብዳቤ በተነበበ ቁጥር ከሚያስተረጉም ሰው ይልቅ፣ አንድ ጊዜ በጽሑፍ አስተርጉሞ መሳቢያው ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ሥራው እንደሚቀልለት ማለት ነው። አንድ ሲስተም ሲሠራ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያጠፋው ጥቂት ቁራጮችን ደጋግሞ በመፈጸም ስለሆነ ጥቅሙ ከፍተኛ ነው።

በጽሑፍ ቀላል የሚመስለው ነገር በተግባር የሚከብደው በጥቃቅኑ ላይ ነው። የባይት አቀማመጥን እንውሰድ። ባይት ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር የሚይዝ ትንሽ የሜሞሪ ክፍል ነው። 258 የሚለው ቁጥር በሁለት ባይት ሲጻፍ አንዱ ባይት 1፣ ሌላው 2 ይሆናል፤ 1 በ256 ተባዝቶ 2 ሲደመርበት 258 ነውና። የቀድሞዎቹ የማኪንቶሽ ኮምፒውተሮች ይጠቀሙበት የነበረው የሞቶሮላ 68000 ፕሮሰሰር ትልቁን ባይት አስቀድሞ 1፣ 2 ብሎ ያስቀምጣል፤ ኤክስ86 ግን ትንሹን አስቀድሞ 2፣ 1 ይላል። ኢሙሌተሩ ይህን ሳያስተካክል ቢቀር 258 የነበረው 513 ሆኖ ይነበባል፤ ሲስተሙም ገና መነሣት ሲጀምር የተሳሳተ የሜሞሪ አድራሻ ይዞ ይቆማል። ስለዚህ ሜሞሪ በተነካ ቁጥር ባይቶችን ማገላበጥ ግድ ይላል። ሬጅስተሮችም (ፕሮሰሰሩ በውስጡ ቁጥር የሚይዝባቸው ፈጣን ቦታዎች) እንዲሁ ናቸው፤ ፓወርፒሲ የተባለው ፕሮሰሰር 32 አጠቃላይ ሬጅስተሮች ሲኖሩት የ32 ቢቱ ኤክስ86 ያለው 8 ብቻ ስለሆነ፣ የተረፉት በሜሞሪ ውስጥ ተቀምጠው እየተመላለሱ መነበብ አለባቸው። ፍጥነቱ የሚባክነው በእንደነዚህ ያሉ ቦታዎች ነው።

ኢሙሌሽን ከቨርቹዋላይዜሽን ጋር በተደጋጋሚ ይምታታል፤ ልዩነቱን ማወቅ ግን ለተጠቃሚው ከማንኛውም ዝርዝር ይበልጣል። ቨርቹዋላይዜሽን እንግዳውና አስተናጋጁ አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ሲኖራቸው የሚሠራ ሲሆን፣ የእንግዳው ትእዛዞች ሳይተረጎሙ በቀጥታ በእውነተኛው ፕሮሰሰር ላይ ይፈጸማሉ። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2005፣ ኤኤምዲ በ2006 ለዚህ የሚያግዝ አሠራር በፕሮሰሰሮቻቸው ውስጥ አስገብተዋል፤ ነፃው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሊኑክስም ይህን አሠራር የሚጠቀመውንና ኬቪኤም የተባለውን ክፍል በ2007 ወደ ከርነሉ፣ ማለትም ወደ ሲስተሙ እምብርት፣ ጨምሯል። በኢንቴል ላፕቶፕ ላይ በዊንዶውስ ውስጥ ለኤክስ86 የተሠራ ኡቡንቱን (አንድ የሊኑክስ ዓይነት) መክፈት በአብዛኛው ቨርቹዋላይዜሽን ነው፤ በዚያው ላፕቶፕ ላይ ለአርም የተሠራ ሊኑክስን ማስነሣት ግን ኢሙሌሽን ነው። የመጀመሪያው ፈጣን፣ የሁለተኛው ቀርፋፋ መሆኑን አይቶ ላፕቶፑን መውቀስ ተገቢ አይደለም።

የዘዴው ታሪክ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያስቆጥራል። አይቢኤም ሲስተም/360 የተባለውን የኮምፒውተር ቤተሰብ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 7 ቀን 1964 ሲያስተዋውቅ፣ ደንበኞቹ ለቀድሞው ማሽኑ ለ1401 ያስጻፏቸውን ፕሮግራሞች ጥለው ወደ አዲሱ ማሽን እንደማይሻገሩ ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ በአንዳንዶቹ ሞዴሎች ውስጥ የአሮጌውን ማሽን ትእዛዞች የሚፈጽም ማይክሮኮድ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ተቀምጦ ትእዛዞች እንዴት እንደሚፈጸሙ የሚወስን ፕሮግራም) አስገባ። አፕል እ.ኤ.አ. በ1994 ከ68000 ቤተሰብ ወደ ፓወርፒሲ ሲሻገር ያደረገው ከዚህም የደፈረ ነበር፤ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ ትልቅ ክፍል ገና በአሮጌዎቹ ትእዛዞች የተጻፈ ሆኖ በኢሙሌተር ውስጥ ይሠራ ነበር። ኩባንያው ወደ ኢንቴል በ2006፣ ወደ ራሱ የአርም ፕሮሰሰሮች ደግሞ በ2020 ሲዛወር ሮዜታ የተባለ ተርጓሚ አቅርቧል፤ ይኸኛው ግን ፕሮግራሞችን እንጂ ሙሉ ሲስተምን አያስነሣም።

ዛሬ በሰፊው የሚታወቀው ኢሙሌተር ኪውኢኤምዩ ነው። ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላር እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ይህ ነፃ ሶፍትዌር በዳይናሚክ ትርጉም የሚሠራ ሲሆን፣ ኤክስ86፣ አርም፣ ፓወርፒሲ፣ ሚፕስ፣ ሪስክ-ፋይቭና ሌሎችንም የፕሮሰሰር ዓይነቶች ያስመስላል፤ የአንድሮይድ አፕ የሚጽፉ ሰዎች ስልክ ሳይዙ ሥራቸውን የሚፈትሹበት ኢሙሌተርም በእርሱ ላይ የተመሠረተ ነው። ቦክስ የተባለው ሌላው ኢሙሌተር በኢንተርፕሪቴሽን ስለሚሠራ ዘገምተኛ ነው፤ ለሲስተም ጸሐፊዎች ግን ትእዛዝ በትእዛዝ ለመከታተል ይመረጣል። ለዶስ (ከዊንዶውስ በፊት ለነበረው ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ፕሮግራሞች ብቻ የሚፈልግ ሰው ዶስቦክስ ይበቃዋል።

በሰሜን ሸዋ ኢሙሌሽን ሊሰጠው ከሚችለው ጥቅም ሁሉ እጅግ ሊታሰብበት የሚገባው የቆዩ የአማርኛ ሰነዶች ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ ይጻፍ የነበረው ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በሚያስቀምጡ ፎንቶች ነበር። እንዲህ ያለ ፋይል ከአሮጌ ሃርድ ዲስክ ወጥቶ በዛሬ ላፕቶፕ ሲከፈት የሚታየው አማርኛ ሳይሆን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ፎንቱን መጫን ብቻ የሚበቃበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ መጀመሪያ ያ ይሞከር። የጽሑፍ ፕሮግራሙ ራሱ ለ16 ቢት የተሠራ ከሆነ ግን ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ፈጽሞ አያስኬደውም፤ መፍትሔው ያኔ የነበረውን ሲስተም ማስነሣት ነው። ዊንዶውስ 98 የሚጠይቀው 16 ሜጋባይት ሜሞሪ ብቻ ስለሆነ ዛሬ ርካሽ የሚባል ላፕቶፕ እንኳ በኢሙሌተር ውስጥ ያለ ችግር ይሸከመዋል። በዚያ ውስጥ ሰነዱ እንደ ተጻፈበት ቀን ይከፈታል፤ ከተከፈተ በኋላ ማተም፣ ወይም ወደ ዩኒኮድ ከሚለውጥ ፕሮግራም ውጤት ጋር ቃል በቃል ማመሳከር ይቻላል። የመሬት፣ የጡረታና የፍርድ ጉዳይ በአንድ ፊደል ስሕተት የሰው መብት ሊያጓድል ስለሚችል ይህ ማመሳከር መዘለል የለበትም።

ለትምህርትም ይኸው ነው። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ሆነ በየከተማው ኮሌጆች ኮምፒውተር የሚማር ተማሪ የአርም ወይም የሪስክ-ፋይቭ ቦርድ ገዝቶ ማስመጣት ሳያስፈልገው፣ በእጁ ባለው ላፕቶፕ ላይ ሙሉ ማሽን አስነሥቶ ከርነል ሊያጠና፣ ቢያበላሸውም እንደገና ሊጀምር ይችላል። ላፕቶፕ የሌላቸው ወጣቶች ደግሞ ሊምቦ የተባለውንና ከኪውኢኤምዩ የተቀዳውን የአንድሮይድ አፕ በመጫን ዊንዶውስ ኤክስፒን በስልካቸው ላይ ያስነሣሉ፤ ቀርፋፋ ነው፣ ባትሪም ይጨርሳል፣ ነገር ግን ዴስክቶፕ ነክተው ለማያውቁ ሰዎች እውነተኛ መለማመጃ ነው።

አሠራሩ ከአካባቢው ሁኔታ ጋርም ይገናኛል። ዳይናሚክ ትርጉም ፕሮሰሰሩን ያለ ዕረፍት ስለሚያሠራው ላፕቶፑ ይሞቃል፤ ፕሮሰሰር ሲሞቅ ደግሞ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ይህ ችግር በደብረ ብርሃን ደጋ ካለው ይልቅ በሸዋ ሮቢት ቆላ፣ በተለይ በቀትር፣ ይበልጥ ሊታይ ይችላል። የመብራት መቋረጥ ከዚህ ይከፋል። የእንግዳው ዲስክ በአስተናጋጁ ላይ አንድ ትልቅ ፋይል ሆኖ ስለሚቀመጥ፣ በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ ሙሉው ሲስተም ሊበላሽ ይችላል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ወይም ደኅና ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ከሌለ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የዲስኩን ፋይል ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ይገባል። ኪውኢኤምዩ የእንግዳውን ሁኔታ በቅጽበት መዝግቦ የማቆየት አሠራርም አለው፤ ይሁንና ምዝገባው በዚያው ፋይል ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ ፋይሉ ሲበላሽ አብሮ ስለሚጠፋ፣ የተለየ ቅጂን አይተካም።

ኢሙሌተሩ ነፃ ቢሆንም በውስጡ የሚጫነው ሲስተም ሁልጊዜ ነፃ አይደለም። ሊኑክስን ማንም ሊጭነው ይችላል፤ ዊንዶውስና ማክ ኦኤስ ግን የቆዩት እትሞች ጭምር የባለቤቶቻቸው መብት ያለባቸው ናቸው። ስለዚህ አሮጌ ኮምፒውተሮቹን የሚያስወግድ መሥሪያ ቤት የመጫኛ ሲዲዎቹንና የፈቃድ ቁልፎቹን ከሃርድ ዲስኩ ሙሉ ቅጂ ጋር አብሮ ማስቀመጥ፣ የማሽኑን ሞዴል፣ የሜሞሪ መጠን፣ የሲስተሙን እትምና የተጫኑትን ፎንቶች ዝርዝርም በወረቀት ጽፎ ማያያዝ አለበት፤ ኢሙሌተሩን በኋላ የሚያዘጋጀው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው እነዚህን ነው።