ሩት ቦዔዝ እርሻ ላይ እንዴት ደረሰች?

ስለ እግዚአብሔር መግቦት ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚሉን ኤልያስን የመገቡት ቁራዎችና በምድረ በዳ የወረደው መና ናቸው። እውነት ናቸው። ግን የእኛ ማክሰኞ መና አይወርድበትም። ታክሲ ተሰልፈን፣ የቤት ኪራይ እያሰላሰልን፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ እየቆጠርን ነው የምንውለው። ለእንዲህ ያለው ቀን ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ክፍል ምረጥ ብትሉኝ መጽሐፈ ሩትን እመርጣለሁ።

አራት ምዕራፍ ብቻ ነው። ባሕር አይከፈልም፣ መልአክ አይገለጥም። እግዚአብሔር ራሱ ይህን አደረገ ብሎ ጸሐፊው በቀጥታ የሚነግረን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በ1፥6 ሕዝቡን ጎብኝቶ እህል ሰጣቸው ይላል። በ4፥13 ደግሞ ሩት እንድትፀንስ አደረገ ይላል። በመሐል ያለው ሁሉ ሰው ሲሄድ፣ ሲያጭድ፣ ሲበላ፣ ሲደራደር ነው።

ሞዓባዊቷ ሩት ባሏ ሞቶባት ከአማቷ ከኑኃሚን ጋር ቤተ ልሔም የገባችው የገብስ አጨዳ ሲጀመር ነው። ቤት ውስጥ የሚላስ የሚቀመስ የለም። «ልሂድና ልቃርም» ብላ ወጣች። ማሳው የማን እንደሆነ አታውቅም። መጽሐፉም እንዲያው አጋጣሚ ሆኖ የኑኃሚን ባል ዘመድ የሆነው የቦዔዝ እርሻ ላይ ደረሰች ነው የሚለው። ሕልም አላየችም፤ «በዚህ በኩል ሂጂ» ያላት ድምፅም የለም። እሷ የምታውቀው መራቧንና ፊት ለፊቷ ያለውን ማሳ ነው።

ግን ቃርሚያው ራሱ ከየት መጣ? ዘሌዋውያን 19ን ክፈቱ። ስታጭዱ የማሳውን ዳርቻ አትጨርሱ፣ የወደቀውን አትልቀሙ፣ ለድሃና ለመጻተኛ ተዉት ይላል። ዘዳግም 24 ይጨምርበታል፦ ነዶ ረስተህ ከሄድክ ልትወስደው አትመለስ፤ ለመጻተኛ፣ ለድሃ አደግና ለመበለት ይሁን። ሩት መጻተኛም መበለትም ናት። የዚያን ቀን እንጀራዋ ገና እሷ ሳትወለድ በሕግ ተጽፎ ነበር። ለእኔ ይህ ከቁራዎቹ ያልተናነሰ ተአምር ነው።

ቦዔዝ ደግሞ ከሕጉም አለፈ። መጀመሪያ ጎልማሶቹን እንዳይነኳት አዘዘ። አገሯ ያልሆነች ሴት ብቻዋን በሰው ማሳ ስትውል ምን ሊደርስባት እንደሚችል ያውቃል። ቤሩት ወይም ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ እህት ያለቻችሁ ይህን ማስረዳት አያስፈልጋችሁም። ምሳ ሰዓት ላይ ከሠራተኞቹ ጋር አብልቷት፣ ስትነሳ ለአጫጆቹ ሌላ ትእዛዝ ሰጠ፦ ከነዶው ሆን ብላችሁ እየመዘዛችሁ ጣሉላት፣ አትቆጧት። ሩት ይህን አልሰማችም መሰለኝ። ማታ ወቅታ ስትሰፍረው አንድ ኢፍ ያህል ገብስ ሆነ፤ በእኛ ሚዛን ከአሥር ኪሎ በላይ ነው። ጎበዝ ቃራሚ የሆነች ሳይመስላት አልቀረም!

ስለዚህ «እግዚአብሔር ሰጠኝ» የሚል ምስክርነት ስሰማ ከጀርባው ሆን ብሎ የጣለው ማን ይሆን እላለሁ። ለዘመድ የትምህርት ክፍያ በዝምታ የሚከፍል ሰው አለ። ቀጣሪ ጋር ደውሎ «ይህችን ልጅ እያት» የሚል አለ። እኛ ደግሞ ሁልጊዜ ራሳችንን በሩት ቦታ ብቻ እናስቀምጣለን።

አሁን ወደ ኑኃሚን። ለቅሶ ቤት ገብተን «ሁሉም ለበጎ ነው» ማለት ይቀናናል። ጥቅሱ ሮሜ 8፥28 ነው። ግን ቅዱስ ጳውሎስ እዚያው ምዕራፍ ላይ ስለ መቃተት፣ ስለ ረሃብና ስለ ሰይፍም ጽፏል። ኑኃሚን ባሏንና ሁለት ልጆቿን ቀብራ ስትመለስ «ማራ (መራራ) በሉኝ፣ ሁሉን የሚችል አምላክ አስመርሮኛል» አለች። ከቤተ ልሔም ሴቶች አንዷም «ተይ፣ ለበጎ ነው» እንዳለቻት አልተጻፈም። በኋላ የልጅ ልጅ ታቅፋለች፤ የሞቱት ልጆቿ ግን አልተነሡም። ከመኪና አደጋ የተረፈ ሰው ማመስገኑ ተገቢ ነው። አብሮት የነበረው ለምን እንደሞተ ለእናቲቱ የማብራራት ሥራ ግን አልተሰጠውም።

«እግዚአብሔር ካለው አይቀርም» ብለው እጃቸውን አጣጥፈው ለሚቀመጡ ደግሞ ምዕራፍ 4 አለላቸው። ከቦዔዝ ይልቅ ለኑኃሚን ቤት የሚቀርብ ዘመድ ነበር። የኑኃሚንን ባል መሬት የመቤዠት፣ ማለትም ገዝቶ በዘመድ እጅ የማቆየት ዕድሉ መጀመሪያ የቀረበው ለእሱ ነው። መሬቱን እቤዣለሁ አለ። ሩትንም እንደሚያገባ ሲነገረው ግን ርስቴን አበላሻለሁ ብሎ፣ በዘመኑ የስምምነት ማጽኛ ልማድ መሠረት ጫማውን አውልቆ ሰጠና ተወው። ማንም አላስገደደውም፣ ማንም አልረገመውም። ቦዔዝ ሩትን አገባት። ኢዮቤድ ተወለደ፤ ኢዮቤድ እሴይን፣ እሴይ ዳዊትን ወለደ። ማቴዎስም በጌታችን የትውልድ ሐረግ ውስጥ የሩትን ስም ጽፎታል። የዚያኛውን ዘመድ ስም ግን የትም አታገኙትም። በከተማው በር ቦዔዝ ሲጠራው እንኳ የተጻፈው «አንተ እገሌ» ተብሎ ነው።