የበር መግቢያ መቆጣጠሪያ ሞጁል ምንድን ነው?

ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ ካዛንቺስ ባሉት የቢሮ ሕንፃዎች ውስጥ ሠራተኛው ካርዱን ግድግዳው ላይ ወዳለችው ትንሽ ሣጥን ሲያስጠጋ ጢጥ የሚል ድምፅ ተሰምቶ በሩ ይከፈታል፤ በሩን የምትከፍተውም ያቺው ሣጥን ትመስላለች። በአግባቡ በተሠራ ተከላ ግን ሣጥኗ የካርዱን ቁጥር አንብባ ከማሳለፍ ያለፈ ሥልጣን የላትም። ቁጥሩ የማን እንደሆነ፣ ባለቤቱም በዚህ በርና በዚህ ሰዓት መግባት ይፈቀድለት እንደሆነ የሚወስነውና ለቁልፉ ትእዛዝ የሚሰጠው ከበሩ ወዲያ በተቆለፈ ክፍል ወይም ከኮርኒስ በላይ የተቀመጠ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። የበር መግቢያ መቆጣጠሪያ ሞጁል የሚባለው ይህ ሰሌዳ ሲሆን፣ ባለሙያዎች በአብዛኛው ኮንትሮለር ይሉታል።

ካርድ አንባቢዋን ሣጥንና ሪሌዩን፣ ማለትም ወደ ቁልፉ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚያገናኘውንና የሚቆርጠውን ማብሪያ፣ በአንድ ሣጥን ያጣመሩ ርካሽ መሣሪያዎችም ገበያ ላይ ሞልተዋል። ችግራቸው ሪሌዩ ከበሩ ውጭ መቀመጡ ነው፤ ሣጥኑን ከግድግዳ የነቀለ ሰው ወደ ቁልፉ የሚሄዱትን ሽቦዎች በመቁረጥ ወይም በማገናኘት ብቻ ያለ ካርድ ሊገባ ይችላል። ለሻይ ክፍል በር ይህ አያሳስብም፤ ለገንዘብ ቤት ወይም ለሰርቨር ክፍል ግን ይህን መሣሪያ መግጠም ከቁጠባ አይቆጠርም።

አንባቢውና ሞጁሉ በብዛት የሚነጋገሩት ዊጋንድ በሚባለው አሠራር ነው። ከኃይል መስመሩ ሌላ ሁለት ሽቦዎች ይበቁታል፤ በተለምዶ አረንጓዴው ዜሮን፣ ነጩ አንድን ያስተላልፋል፣ ርቀቱም እስከ 150 ሜትር ይደርሳል። በጣም የተለመደው ባለ 26 ቢት (ቢት አንድ ዜሮ ወይም አንድ ምልክት ነው) ቅርጽ ለተቋሙ መለያ 8 ቢት፣ ለካርዱ ቁጥር 16 ቢት፣ ለማረጋገጫ 2 ቢት ይመድባል፤ ስለዚህ የካርድ ቁጥር ከ65,535 ማለፍ አይችልም፣ ተመሳሳይ ቁጥር የያዘ ካርድ በሌላ ሕንፃ ሊገኝም ይችላል። ዊጋንድ መልእክቱን አይመሰጥርም፤ በ125 ኪሎኸርዝ የሚሠሩት ተራ ካርዶችም በቀላሉ ይቀዳሉ። ጥብቅ ጥበቃ ለሚሻ በር አርኤስ 485 በሚባለው የመረጃ መስመር የሚሄደውንና መልእክቱን ኤኢኤስ 128 በሚባለው የምስጢር ስልት መመስጠር የሚችለውን ኦኤስዲፒ የተባለ ሌላ የመነጋገሪያ አሠራር መጠየቅ ይሻላል።

ተከላው የሚፈተነው መብራት የጠፋ ዕለት ነው። የማግኔት ቁልፍ የሚይዘው ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ 280 ኪሎ ግራም ይይዛል የሚባለው የተለመደው ዓይነት እንኳ ኃይል በተቋረጠበት ቅጽበት በሩን ይለቃል። በመቃኑ ላይ ተገጥሞ የበሩን ቁልፍ ምላስ የሚይዘውና የሚለቀው ኤሌክትሪክ ስትራይክ ደግሞ በአብዛኛው ተቃራኒው ነው፤ ኃይል ሲያጣ ከውጭ እንደተቆለፈ ይቀራል፣ ከውስጥ ግን በበሩ እጀታ ይከፈታል። በዚህ ምክንያት ማግኔቱ ከሪሌዩ ኖርማሊ ክሎዝድ ጫፍ (ሪሌዩ ሳይታዘዝ ኤሌክትሪክ ከሚያሳልፈው)፣ ስትራይኩ ከኖርማሊ ኦፕን ጫፍ (ሲታዘዝ ብቻ ከሚያሳልፈው) ጋር ይያያዛል። ማግኔቱ ተገላብጦ ከታሰረ በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ሆኖ ይውልና ካርድ ሲያሳዩት ይቆለፋል።

220 ቮልቱን ወደ 12 ቮልት ከሚቀይረው የኃይል ሣጥን ጋር ባትሪ የሚገጠመው ለዚሁ ነው። ማግኔቱ ግማሽ አምፔር፣ ሞጁሉና አንባቢው በድምሩ ሩብ አምፔር ቢወስዱ፣ ባለ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ (አንድ አምፔር ለ7 ሰዓት መስጠት የሚችል) በስሌት ደረጃ ከ9 ሰዓት በላይ ያቆያል፤ ሁለተኛ ማግኔት ሲጨመር ከ6 ሰዓት በታች ይወርዳል፣ ባትሪው ሲያረጅ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ሕንፃው ጀነሬተር አለው ተብሎ ባትሪውን ማስቀረት አያዋጣም፤ ጀነሬተሩ ተነሥቶ መስመሩን እስኪረከብ ባሉት ሰከንዶች ውስጥ በማግኔት የተያዙት በሮች ሁሉ ይከፈታሉ።

የሽቦው ውፍረትም የዚያኑ ያህል ይታሰብበታል። በፒያሳ እንዳሉት ግድግዳቸው ወፍራም በሆኑ አሮጌ ሕንፃዎች ሽቦው ዙሪያ ጥምጥም ስለሚሄድ በቀላሉ 40 ሜትር ይሞላል፤ ለማግኔቱ ከኔትወርክ ኬብል አንድ ጥንድ ብቻ ከተሰጠው 12 ቮልቱ እዚያ ሲደርስ ወደ 9 ቮልት ግድም ይወርዳል፣ ማግኔቱም በትከሻ ሲገፉት ይለቃል። መለኪያው መያዝ ያለበት ማግኔቱ እየሠራ እዚያው ማግኔቱ ጋ እንጂ የኃይል ሣጥኑ ጋ አይደለም። ኃይል ሲቋረጥበት ቁልፉ የሚመልሰው የቮልቴጅ ምት ሪሌዩን እንዳይበላና ሞጁሉን እንዳያደነዝዝ ደግሞ በቁልፉ ሁለት ጫፎች መካከል እንደ 1ኤን4007 ያለ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ክፍል)፣ ባለ ቀለበቱ ጎን ወደ ፖዘቲቩ ሆኖ ይታሰራል። የእሳት ማስጠንቀቂያው ሲጮኽ ማግኔቱ መልቀቅ ያለበት በሶፍትዌር ትእዛዝ ሳይሆን በባትሪውና በማግኔቱ መካከል መስመሩን በቀጥታ በሚቆርጥ ሪሌይ ነው።

ወደ ማዋቀሩ ስንመጣ፣ ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል መቀየር፣ ለሙከራ የተመዘገበውን ካርድ መሰረዝና በሩ ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ 5 ሰከንድ ገደማ ማድረግ አጭር ሥራ ነው። ጥንቃቄ የሚፈልገው ሰዓቱ ነው። ሞጁሉ የሚያውቀው ከእኩለ ሌሊት የሚቆጠረውን ሰዓት ስለሆነ፣ የቢሮ ኃላፊው «ከ2፡30 እስከ 11፡30» ሲል ወደ መሣሪያው መግባት ያለበት 08፡30 እና 17፡30 ነው። ቃሉ እንዳለ ከተመዘገበ በሩ ከሌሊቱ 8፡30 ጀምሮ ሲፈቅድ ያድርና ከረፋዱ 5፡30 በኋላ ሠራተኛውን ሁሉ ይመልሳል። ሠራተኛውም ካርዱ ተበላሸ ብሎ ያመለክታል፣ ባለሙያውም አንባቢውን ሊቀይር ይመጣል።

በዓላትም በመሣሪያው ውስጥ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ይገባሉ። ገና ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ላይ ስለሚውል አንዴ ተመዝግቦ ይቀራል፤ እንቁጣጣሽ ግን በአብዛኛው ሴፕቴምበር 11፣ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ጊዜ ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ይውላል፤ ፋሲካና ዒዶቹ በየዓመቱ ይዘዋወራሉ። ስለዚህ የበዓል ሰንጠረዡን በየዓመቱ የሚያድሰው የትኛው ሠራተኛ እንደሆነ ከይለፍ ቃሉ ርክክብ ጋር በጽሑፍ መስፈር ይኖርበታል።