የግራፍ ሁለተኛው ትልቁ አይገንቫልዩ፣ ከጎንደር መንገዶች ጋር

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚወጣ ሰው በአምባ ጊዮርጊስ አድርጎ ዳባትና ደባርቅ ይገባል። ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ መተማ የሚሄድ ግን መጀመሪያ አዘዞ መውረድ አለበት። ከዚያ አንዱ መንገድ በማክሰኝት፣ ሌላው በአይከል በኩል ይቀጥላል። ጎንደርን፣ አዘዞን፣ አምባ ጊዮርጊስን፣ ማክሰኝትንና አይከልን ብቻ ብንይዝ 5 ነጥብና 4 መስመር ያለው ግራፍ ይወጣናል።

ይህ ግራፍ በማትሪክስ፣ ማለትም በረድፍና በአምድ በተደረደሩ ቁጥሮች፣ ይጻፋል። በቀጥታ ለሚገናኙ ሁለት ነጥቦች 1፣ ለማይገናኙት 0 ይሞላል። ለየነጥቡ ቁጥር ሰጥተን (ሁሉም 0 ሳይሆኑ) በማትሪክሱ ስናባዛቸው ሁሉም በአንድ መጠን ብቻ ከተባዙ፣ ያ መጠን አይገንቫልዩ ይባላል። የማትሪክሱ አይገንቫልዩዎች በአንድነት የግራፉ ስፔክትረም ይባላሉ። ትልቁ አይገንቫልዩ ከየነጥቡ በጥቅሉ ስንት መስመር እንደሚወጣ ይናገራል። ሁለተኛው የበለጠ ወሬ አለው፤ ግራፉ የሳሳ ቦታ እንዳለው ይጠቁማል።

በኛ ካርታ ሁለቱ ቁጥሮች 1.85 እና 0.77 ገደማ ናቸው፤ ልዩነታቸው 1.08 ነው። የጎንደር–አዘዞ መስመር ቢቆረጥ 1.41 እና 1 ይሆናሉ። አንዱ ወረደ፣ ሌላው ወጣ፤ ልዩነቱም ወደ 0.41 አሽቆለቆለ። የአዘዞ–አይከል መስመር ቢቆረጥስ? ልዩነቱ 1 ላይ ይቆያል። አይከል ተነጥላ ብትቀርም ቁጥሩ እምብዛም አይደነግጥም፤ ለአይከል ሰው ይህ መጽናኛ ባይሆንም።

ነገሩ ጥርት የሚለው ከሁሉም ነጥብ እኩል መስመር ሲወጣ ነው። እንዲህ ያለው ግራፍ መደበኛ ይባላል። ከየነጥቡ 3 መስመር ከወጣ ትልቁ አይገንቫልዩ 3 ነው። ሁለተኛውም 3 የሚሆነው ግራፉ የተበጣጠሰ ከሆነ ብቻ ነው። የቺገር ኢንኢኳሊቲ የሚባለው ውጤት ደግሞ በልዩነቱ ላይ ዋስትና ይሰጣል። ግራፉን ለሁለት ስንከፍል የሚቆረጡት መስመሮች ለትንሹ ክፍል ነጥቦች ቢካፈሉ ውጤቱ ከልዩነቱ ግማሽ አያንስም። 10 ነጥብ ያለውና ከየነጥቡ 3 መስመር የሚወጣበት የፒተርሰን ግራፍ ሁለተኛ አይገንቫልዩው 1 ነው፤ ልዩነቱ 2፣ ግማሹ 1 ይሆናል። ስለዚህ እኩል ለእኩል ለመክፈል ቢያንስ 5 መስመር መቁረጥ ግድ ነው። 10 ነጥብ ያለው ክብ ግን በ2 መስመር ብቻ ለሁለት ይከፈላል። የሱ ሁለተኛ አይገንቫልዩ 1.62 ገደማ ነው፤ ከትልቁ ከ2 ብዙም አይርቅም።

ታዲያ ሁለተኛው ምን ያህል ሊወርድ ይችላል? በአሎንና ቦፓና ውጤት መሠረት፣ ከየነጥቡ 3 መስመር የሚወጣባቸው ግራፎች እየተለቁ ሲሄዱ ቁጥሩ ከ2.83 ገደማ በጣም ዝቅ ብሎ ሊቆይ አይችልም። ይህ የ2 ስኩዌር ሩት በ2 ሲባዛ ማለት ነው። ለሌላ የመስመር ብዛትም እንዲህ ያለ ገደብ አለ፤ ከትልቁ በቀር አይገንቫልዩዎቻቸው ገደባቸውን የማያልፉ መደበኛ ግራፎች በሕንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ስም ራማኑጃን ግራፍ ይባላሉ። ሉቦትስኪ፣ ፊሊፕስና ሳርናክ፣ ለብቻው ደግሞ ማርጉሊስ፣ በ1988 እ.ኤ.አ. እየተለቁ የሚሄዱ ራማኑጃን ግራፎችን በከባድ የቁጥር ቲዎሪ ገንብተዋል። የሚገርመው፣ ፍሪድማን በኋላ እንዳረጋገጠው፣ በዕጣ የተሳለ ትልቅ መደበኛ ግራፍም አብዛኛውን ጊዜ ገደቡ አጠገብ ይደርሳል።